ትንፋሼን እየሳብኩ እስከ በርባንክ

አሜሪካ ኮሌጅ በጨረስኩ በወሩ ለመጀመሪያ የሥራ ኢንተርቪው በርባንክ የሚባል ከተማ መድረስ ነበረብኝ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ግን አውቶቡሱ ዓይኔ እያየ ጥሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልበትም። ፌርማታው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል፣ ነዳጅ በጠፋበት በዚያ ሰሞን ከጎኑ ካለው ማደያ በረጅም ሰልፍ ቀድታ በመኪናዋ የወጣች አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አየችኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«በርባንክ።»

«መንገዴ ነው፤ ግቢ።»

ትንሽ ሄደን፣ «ከአፍሪካ ነሽ?» አለችኝ። እኛ አገር እንደሚደረገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኩ። ፍሬን ያዘች። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን አንባረቀው።

«ምን አየሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

«ትምህርት ጨርሰሻል?» አሁንም ሳብኩ፤ አሁንም ቆመች። ሰዓቴን እያየሁ ተቁነጠነጥኩ። ሦስተኛው ትንፋሼ ላይ መሪውን ማዞር ጀመረች። «አንቺ ልጅ አስም አለብሽ። ሐኪም ቤት ነው የምወስድሽ።»

«ኧረ ኢንተርቪው አለብኝ! አዎ ማለቴ ነው። እኛ አዎ የምንለው እንዲህ ነው።»

መሪውን መለሰችው። «ይሄን ነዳጅ ጠዋቱን ሙሉ ተሰልፌ ነው የቀዳሁት። ቀድመሽ አትናገሪም?» ከዚያ ጥያቄ አቁማ ነዳጁን ረገጠችው። ለጥቂት ደረስኩ።

ጨርሼ ስወጣ ሄዳለች ብዬ ነበር፤ ፓርኪንጉ ውስጥ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ቁጭ ብላለች።

«ቀጠሩሽ?»

ትንፋሼን ሳብኩ። እሷም እንደ ልምምድ መልሳ ሳበች፣ ትንሽ አሳላት፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሳች።