ከጋቢናው የማይወጣው ሽታ

በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ጠብ ሲል ዛሬም ያባንነኛል። ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ "ሜካኒክ ሆነሽ ጠብታ ትፈሪያለሽ?" ይለኛል። ሸዋ ሮቢት፣ በዚያ ፀጥ ባለ ቀትር የሰማሁትን እሱ አልሰማማ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጋራዥ ከገባሁ ገና ዓመቴ ነበር። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእኔ ሙያ ያኔ አፌ ላይ ነበር። አንድ ቀን ባለጋራዡ ጠራኝና "አንድ ሚኒባስ አልነሣ ብሏል፤ ሰፈሩ ጅን ገብቶበታል ይላል። ባለመኪናዋ ሴት ባሏ ሞቶባት ዒዳ ላይ ናት፤ ባዕድ ወንድ አይገባባትም። አንቺ ሂጂ" አለኝ። ዒዳ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ፣ ሽቶ ሳትነካ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ልትጨርስ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር።

ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ፣ ከተሰጣው ማሾ አጠገብ ቆሟል። ሙቀቱ ያንቃል፤ ወፍ እንኳ አይንጫጫም። የጋቢናውን በር ስከፍት የቤንዚን ሽታ እንደ ትንፋሽ ፊቴ ላይ መጣ። ሰው ገና አሁን የወረደበት ይመስል ነበር።

"ሸተተሽ አይደል? እሱ ነው" አለች ሴትዮዋ ከደጃፏ ሆና። "ባሌ ከሥራ ሲገባ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ወላሂ፣ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ይመጣል።"

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ፍርሃቴ እንዳይታወቅብኝ ግን ቶሎ ብዬ ሞተሩ ከሥሩ ያለበትን ወንበር አነሣሁ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ስፈታ አንዱ በቤንዚን ርሷል። ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን አራቱን ኢንጀክተሮች ከነቧንቧቸው አውጥቼ በሽቦ አሰርኩና ከሥራቸው ደረቅ ካርቶን ዘረጋሁ፤ የቤንዚኑ ፓምፕ ሲገፋ የትኛው እንደሚያፈስ ካርቶኑ ይናገራል። ቁልፉን ላዞር ቀና ከማለቴ በፊት ግን ፓምፑ ከኋላ በኩል በራሱ "እምምም" አለ። ፀጉሬ ቆመ።

ጠብ። ሦስተኛው ኢንጀክተር ነበር።

ቀና ስል በሹፌሩ በር በኩል የገባ እጅ ቁልፉን ይዟል። የእሷ እጅ ነበር።

"እሱ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል መኪናው እንዲህ ይል ነበር" አለችኝ። "ሱብሂ ሰግጄ አዞርለታለሁ። ድምፁን እሰማና እመለሳለሁ።"

ያኔ ገባኝ። አራት ወር ሙሉ ቁልፉን ባዞረች ቁጥር ፓምፑ ቤንዚን ሲገፋ፣ ያ ኢንጀክተር ሞተሩ ውስጥ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ባሏን በየማለዳው ታመጣው የነበረው በገዛ እጇ ነው። ይህንኑ ምንም ሳላስቀር ዘረዘርኩላት፤ ኩራቴ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"ካልቀየርሽውስ?" አለች።

"አንድ ቀን እሳት ይነሣል፣ እትዬ። ልጆችዎ እዚህ ነው የሚጫወቱት።"

ቁልፉን አልለቀቀችም። "ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። እስከዚያ ተዪልኝ።"

ሌላ ሳልነካ ቁልፉን ብቻ ይዤ ብሄድ ለእሳቱ ይበቃ ነበር፤ ሽታው ሦስቱን ቀን ይቆይላት ነበር። አላሰብኩትም። ከጋራዥ በያዝኩት ደህና ኢንጀክተር ተካሁት፣ ዘይቱን ለወጥኩ፣ በሮቹን ሁሉ ከፍቼ አናፈስኩት። ሞተሩ አንዴ ስነካው ተነሣ።

ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ አልተቆጣችም፤ "እጅሽ ይባረክ ልጄ" አለችና እጄን ይዛ ሳመችው። ገና አልታጠብኩም ነበር፤ ቤንዚን ይሸታል። አፍንጫዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች፤ እኔም አልነጠቅኳትም።