የፈታ ተረታ

ልጄ የኪኒኔን ሰዓት እንዳልዘነጋ የጋቢዬን ጫፍ ትቋጥርልኛለች። እሷ ለማስታወሻ ብላ ነው። እኔ ግን ቋጠሮውን ስነካው እርጥብ ጥጥ ይሸተኛል፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ ያደግኩበት የቦሩ ሜዳ ጉም ይበርደኛል።

በራዲዮ «በዓይነ ቁራኛ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ቁራኛ ሆኜ አውቃለሁ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እንዳይጠፋፉ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር፤ አንዳንዱ በሰንሰለት፣ አንዳንዱ በነጠላ ጫፍ። መቆራኘት ማለት ያ ነው። ቅጣቱ ከፍርዱ ይቀድማል።

ጢሜ ገና ሳያቀመቅም የጎረቤታችን ልጅ «በጌን በድንጋይ ገደለብኝ» ብሎ ከሰሰኝ። አልገደልኩም። ዛሬም አልገደልኩም። የሰፈራችን ሽማግሌ ነጠላችንን ወገባችን ላይ አስታጠቁንና ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩት።

«ወንዝ ማዶ ዳኛው ዘንድ ሂዱ። የፈታ ተረታ» አሉን።

የተረታን የሚጠብቀው ጅራፍ ነው። ዳኛው ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ባየሁት ቁጥር ጀርባዬ ይሸማቀቅ ነበር።

ክረምት ነው። ከጉሙ የተነሳ እግራችን አይታየንም። ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ያጓራል።

«እስቲ ይጉደል፣ እንቆይ» አልኩት።

«በግ ገዳይ! ፈራህ እንዴ?»

ገባን። መሀል ስንደርስ እግሬ ሥር ያለው ድንጋይ ተንከባለለና ውኃው ወሰደኝ። አፌን ጭቃ ሞላው፤ ብርሃን ጠፋብኝ። ከዱንያ የቀረኝ ወገቤን የሚጎትተኝ ነጠላ ብቻ ነው። ቢፈታው እሱ ይተርፋል፣ እኔ እሄዳለሁ። ብቅ ስል አየሁት፤ ሁለት እጁ ቋጠሮው ላይ ነው። ያ ረቢ! ስንት ጦርነት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም።

«አትፍታ! በአላህ፣ አትፍታ!»

«ብፈታው እረታለሁ እኮ፣ ጅል!» ብሎ ጮኸ።

ለካ እያጠበቀው ኖሯል።

እየጎተተ ማዶ አወጣኝ። ጥርሳችን እየተንገጫገጨ «አልፈታሁም፣ ምስክሬ አንተ ነህ» አለኝ። ዳኛው እርጥቡን ቋጠሮ በጣታቸው ቢታገሉት እምቢ አላቸው፤ በጥርሳቸው ፈቱት።

«ወንዙ ቀጥቷችኋል፤ እኔ ምን ልጨምር? ሂዱ» አሉን።

ጅራፉ ከተሰቀለበት አልወረደም። የበጉ ገዳይም እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሱ ግን ጥርሱ እስኪረግፍ ድረስ ሆጤ ሜዳ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ገዳዩ፣ በጌስ?» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ቀበርነው። «ይወድቃሉ አባባ፣ ይቅርብዎ» ቢሉኝም በግድ መቃብሩ ውስጥ ወርጄ ተቀበልኩት። ካፊያ ስለነበር የተጠቀለለበት ከፈን ረጥቧል፤ ያው የጥጥ ሽታ።

«ቋጠሮውን ይፍቱለት፣ አባባ» አለኝ አንዱ ወጣት ከላይ ሆኖ።

ከፈን መቃብር ውስጥ እንደሚፈታ አውቃለሁ፤ ለስንቱ ፈትቻለሁ። ያን ቀን ግን እጄ እምቢ አለኝ። ቆይቼ፣ ቆይቼ ፈታሁለት።

እሱ አልፈታም። ተረታሁ።