የሦስተኛው ረድፍ ሙታን

ልጅ ሳለሁ ጂንካ ውስጥ የሰማሁት ተረት የጦጣና የጅብ አልነበረም፤ የሞቱ ሰዎች ታሪክ ነበር። ተራኪያችን ጋሽ ዳምጤ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መርፌያቸውን ይፈራል፣ ቁጣቸውን ደግሞ ከመርፌያቸው አብልጦ ይፈራል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ማዶ፣ ወደ ነሪ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ አንድ አሮጌ መቃብር ነበረ። ከሰሜን መጥተው የሰፈሩት፣ የአገሩ ተወላጅ አሪዎች፣ ለሥራ መጥተው ወባ ያስቀራቸው እንግዶች፣ ሁሉም ጎን ለጎን ተኝተውበታል። አጥር የለው፣ ጠባቂ የለው፤ ፍየል ይግጥበታል፣ በክረምት ሣሩ ሰው ያክላል። ጋሽ ዳምጤና አራት ሽማግሌ ጓደኞቻቸው ማንም ሳያዛቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቀበሌ ስብሰባ ከሌለ፣ ማጭድና ገጀራ ይዘው ይወጡና ሲመነጥሩ ይውላሉ።

ትልቁ ጠላታቸው ምስጥ ነበር። ያኔ ሲሚንቶ ማን አይቶ! አናጢው አቶ ማርቆስ በነፃ የሚጠርቡት የእንጨት መስቀል ሁለት ክረምት አይሻገርም፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲነኩት ዱቄት ሆኖ ይራገፋል፣ ስሙም አብሮ ይጠፋል። አቶ ማርቆስ የአሪ ሰውና ጴንጤ ስለነበሩ ጋሽ ዳምጤ ሁልጊዜ ይጎነትሏቸዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ መስቀሉን ትጠርባለህ እንጂ አትሳለመውም!»

«እኔ የምጠርበው የሰውየው ስም እንዳይጠፋ ነው። መሳለሙን ለአንተ ትቼዋለሁ» ይሏቸዋል አቶ ማርቆስ፣ ሚስማር በጥርሳቸው እንደነከሱ።

ምስጡን ለመቅደም ብለው ጋሽ ዳምጤ ሁሉንም በደብተር አሰፈሩት፤ ማን በየትኛው ረድፍ፣ ከዋንዛው ዛፍ ስንተኛው ላይ እንደተኛ። ታዲያ ያኔ የስም ዝርዝር ይዞ መገኘት ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን የቀበሌው ጠባቂዎች ለፍተሻ ገብተው ደብተሩን አገኙት። የማን ስም ነው ሲሏቸው የሙታን ነው አሉ። ሙታን ከሆኑ ለምን ይመዘገባሉ ተባሉ። ደብተሩ ሄደ፣ አልተመለሰም። እሳቸው በንዴት ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «እስቲ ደግሞ የእነዚህን ልጆች ጭንቅላት ፈትሸው ይውሰዱ!» አሉና የሰፈሩን ሰባት ልጆች ሰብስበው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ረድፍ አደሉን። ለእኔ የደረሰኝ ሦስተኛው ረድፍ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው።

አመሻሽ ላይ ከመቃብሩ የታጨደው ደረቅ ሣርና ጭራሮ በግቢያቸው ጥግ ይነዳል። ጭሱ ሲያልቅ ፍሙ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ ፋኖሱን በሩ ላይ ካለው ሚስማር ያንጠለጥሉና እሸት በቆሎ ያከፋፍሉናል። ጋሽ ዳምጤ በአንድ ምሽት አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ሲያወሩ ግን ሰውየውን ከመሬት አስነስተው መሃላችን ያስቀምጡታል። የእኔ ረድፍ የመጀመሪያዋ ሴት ለከተማችን የመጀመሪያውን የልብስ ስፌት መኪና በበቅሎ ያመጣች ናት፤ ወይጦ ወንዝ ላይ በቅሎዋ ስትወድቅ ባሏ ወደ በቅሎዋ ሲሮጥ «መኪናውን! በቅሎዋማ ትዋኛለች!» ብላ የጮኸችውን ጋሽ ዳምጤ በቀጭን ድምፅ ሲጮኹት ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ግን ጥያቄ አለ። ስንተኛው ነው? አጠገቡ ማን አለ? የተሳሳተ ጆሮው ይቆነጠጣል። እኔ በዚያ ክረምት የማልረሳ፣ ጆሮዬን ያላስነካሁ ጉረኛ ነበርኩ።

አንድ ምሽት ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ደረስን። አንደኛው ከአልዱባ ገበያ እባብ ነድፎት በቃሬዛ የመጣ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ ከስሙ በቀር አገሩንም ዘመዱንም ሳይናገር ሞተ። ሌላው መምህር አያሌው ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት፣ በቆርቆሮ ሳጥን መጽሐፍ ተሸክሞ የገባ፣ በሁለተኛው ወሩ ወባ የጣለው። መድኃኒቱን የሰጡት ራሳቸው ጋሽ ዳምጤ ነበሩ። ሊሞት ሲል እጃቸውን ይዞ «እናቴ እንዳትሰማ» ብሏቸው ነበር። ይህን እንደተናገሩ ከፍሙ አጠገብ ተነሱ። ፋኖሱን አንስተው ወደ ቤት ገቡ፤ በዚያ ምሽት ብቻ ሳይጠይቁን ቀሩ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከጎኔ ካለችው ልጅ ጋር በበቆሎ እየተጓተትኩ ስለነበር የትኛው ሰባተኛ፣ የትኛው ስምንተኛ እንደሆነ አልሰማሁም። ስላልጠየቁኝ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ዳምጤን ቀበሌ ጠራቸው። ልጆች እየሰበሰቡ ምን ያስተምራሉ ተብለው እዚያው ቀሩ። ለእትዬ በላይነሽ ስንቅ ማቀበል እንጂ ማየት አልተፈቀደላቸውም። ፍሙ አልነደደም፤ መቃብሩም ሣር ለበሰ። አቶ ማርቆስ እንኳን ፈርተው መጋዛቸውን ሰቀሉ።

ሰውየው በታሰሩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ከጭነት መኪና ላይ ወረዱ። ነጠላቸው ጭቃ በጭቃ፣ እግራቸው አብጧል። የመምህር አያሌው እናት ናቸው። መርዶውን የሰሙት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ መንገዱ የፈጀባቸው ስንት ቀን! መኪናው ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል፤ ዝናቡ ወይጦን ከሞላው ሌላ መኪና መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። ትምህርት ቤት ሄደው ሲጠይቁ ወደ ጋሽ ዳምጤ ቤት ላኳቸው። እትዬ በላይነሽ አይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ «ባለቤቴ የሉም እናቴ፤ ይቺ ልጅ ግን ታውቃለች፣ የሷ ረድፍ ነው» አሉና ትከሻዬን ያዙ። ደረቴ ተነፋ!

ሽቅብ ወጣን። እጄን ይዘውኝ ነበር፤ መዳፋቸው ሻካራና ትኩስ ነው። ከዋንዛው ጀምሬ እየቆጠርኩ፣ ስም እየጠራሁ፣ እስከ ስድስተኛው ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ቆምኩ። የሰባተኛውም የስምንተኛውም መስቀል በምስጥ ወድቋል፤ ሁለት እኩል የአፈር ክምር ብቻ፣ አንድ ዓይነት ሣር የበቀለባቸው።

«የትኛው ነው ልጄ?»

እጄን አልለቀቁትም። አላውቅም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን ሴትዮዋ አፍ አፌን ያያሉ፣ እኔም የማልረሳው ልጅ ነኝ፤ እንዴት አላውቅም ልበል? ሰባተኛውን በጣቴ አሳየሁ።

«አያሌው! መጣሁ እኮ!» ብለው ተደፉበት። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አልተነሱም። የልጅነቱን ነገሩት፣ አባቱ መሞቱን ነገሩት፣ ላሚቱ መውለዷን ሳይቀር ነገሩት። በመጨረሻ ከአፈሩ ዘግነው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ፤ አባቱ መቃብር ላይ ሊያኖሩት ነው። ሁለት እጆቼን ስመው «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ፤ ዓይኔን አበራሽልኝ» ብለው መረቁኝ። ሲነጋጋ በመኪናው ሄዱ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ትክክል ይሆናል፣ ከሁለት አንዱ አይደል፣ እያልኩ ራሴን ሳባብል አነጋሁ።

ጋሽ ዳምጤ ጭንቅላታቸው ተላጭቶ፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው ተለቀቁ። እናትየዋ መምጣታቸውን ሲሰሙ ከታሰሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ደብተሩን ወሰዱ እንጂ የዚችን ጭንቅላት መች አገኙት!» እያሉ ለመጣው ሁሉ አወሩ። እኔ ግን ከሰው ጀርባ ተደበቅኩ። ከዚያ ጠሩኝ፤ እንደ ድሮው ሊጠይቁኝ ፈለጉ።

«በይ እስቲ፣ ሰባተኛው?»

«መምህር አያሌው።»

በጥቃቅኑ የሚጮኹት ሰው በቀስታ ተነሱ። እጄን ይዘው ወደ መቃብሩ ወሰዱኝና መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰባተኛው ነጋዴው ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በዚያ ምሽት ሳልጠይቅሽ ገባሁ» አሉ ቀስ ብለው። ይህን መቻል አቃተኝ። አላውቅም ነበር ጋሼ፣ አለማወቄንም አውቅ ነበር፣ ብዬ እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። «ታዲያ አላውቅም አትያትም! ከሁለቱ አንዱ ነው አትያትም! ሁለቱም ላይ ታለቅስ ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ! ሁለቱም ላይ!»

የሴትዮዋን አድራሻ የያዘ ሰው አልነበረም። ጋሽ ዳምጤ መኪና በመጣ ቁጥር ሾፌሮቹን እየጠየቁ፣ ደብዳቤ ጽፈው በሰው እጅ እየላኩ ቆዩ፤ መልስ አልመጣም። አቶ ማርቆስ መጋዛቸውን ትተው ድንጋይ መፈልፈል ጀመሩ፤ ምስጥ በማይበላው ድንጋይ ላይ የሁለቱንም ስም ቀረጹላቸው። ለእናትየዋ ግን ማን ይንገራቸው? እንደዚያው አምነው ኖረው፣ እንደዚያው አምነው ሳያልፉ አይቀሩም።

ዛሬ አላውቅም ለማለት የሚቀድመኝ ሰው የለም፤ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ታሪኩን የነገርኳቸው ሰዎች ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ፤ ለዚያ ዘመድ አልባ ነጋዴ ቢያንስ አንድ እናት አለቀሰችለት ይሉኛል። እኔም ለራሴ ብዬው አውቃለሁ፣ አንዳንድ ቀንም ልቤ ይቀበለዋል። ሆኖም ከሰባተኛው እስከ ስምንተኛው አንድ እርምጃ ነው። እናትየዋ ያን ሁሉ ሰዓት ሲያለቅሱ ጀርባቸው ወደ ልጃቸው ነበር። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ስጠብቃቸው ነበር፤ የቆምኩትም እሱ ላይ ነው።