አባባ አየ፤ ይጥፋ

ታናሽ እህቴ ፊልም ትሠራለች። ትጽፋለች፣ ታዘጋጃለች፣ ትተውናለች፤ ሰው ሲጠፋ ደግሞ መጋረጃ ትሰፋለች። ድርጅት የላት፣ ደጋፊ የላት። ያላት አንድ ካሜራ፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ፣ እኔና አባባ ብቻ ነበርን። ሰፈሩ «አክተሯ» ይላታል። አንዳንዱ አክብሮ ነው፣ አንዳንዱ «ሥራ ፈት» ማለቱ ነው፤ እሷ ለሁለቱም «አቤት» ትላለች።

እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ድርሰቶቿን የምትጽፈው ከቢሮ በማመጣላት የድሮ ፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ የፍቅር ታሪኳን ብትገለብጡት የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታገኛላችሁ። በመጀመሪያ ፊልሟ እናትም፣ ልጅም፣ ፖሊስም ሆና የሠራችው ራሷ ነበረች። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንሶላ ወጥረን ስናሳይ፣ ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ፖሊሷ እናትየዋን እንዴት አታውቃትም? ቁርጥ ራሷን አይደለች እንዴ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። እህቴ ሦስት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም፤ በአራተኛው ቀን «እትዬ፣ ወረቀት አለሽ?» አለችኝ።

አባባ አናጢ ነበር። እናታችን ቶሎ ስለሞተችብን፣ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደገን እሱ ነው። ከተጣለ የሕፃን ጋሪ ጎማ ነቅሎ፣ ሳንቃ መትቶበት፣ የካሜራ መግፊያ ሠራላት። እሷ ስትተውን ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ጋሪው ላይ እቀመጣለሁ፣ እሱ ይገፋል። ታዲያ ሲገፋ ዓይኑ መንገዱ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ ስለሚቀር ሁለት ጊዜ ከበር መቃን ጋር አላትሞኛል። «አባባ፣ እኔም እኮ ልጅህ ነኝ!» ብለው፣ «አንቺማ ትችይዋለሽ» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እየቻልኩት ነው።

ችግር የሚመጣው እሷ ከካሜራው ኋላ ስትሆን ነበር። ፊልም ውስጥ መንገድ ባዶ አይሆንም፤ ሰው ማለፍ አለበት። በነጻ የሚያልፍልን ደግሞ አባባ ብቻ ነው። ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ኮቱን ያራግፋል፣ ሳል ሳል ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አንዲት ቃል ሊናገር አይደለም እኮ፣ ሊያልፍ ነው። «ጀምር» ስትለው ይጀምራል፣ አምስት እርምጃ ይሄዳል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ካሜራው ያያል። ሁልጊዜ ነው። አንዳንዴማ ፈገግ ይላል።

እህቴ ቀረጻ ሲበላሽባት «ከት» ብላ ማስቆም ልማዷ አይደለም። መዳፏን ሌንሱ ላይ ትለጥፋለች፤ በቃ፣ አበቃ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ደብተር ይዤ በየሙከራው እመዘግባለሁ። ደህና ከሆነ «ይለፍ»፣ ካልሆነ «ይጥፋ»። ካርዳችን አንድ ስለሆነ፣ ሥራ ስንጨርስ «ይጥፋ» የተባለውን በሙሉ ከካርዱ ላይ እሰርዛለሁ፤ አለዚያ ለነገው ቦታ የለንም። ደብተሩን የገለጠ ሰው በየገጹ አንድ ዓይነት መስመር ያገኛል፦ «አባባ አየ፤ ይጥፋ።» «አባባ አየ፣ ሳቀ፤ ይጥፋ።» «አባባ ደህና ሄዶ መጨረሻው ላይ አየ፤ ይጥፋ።»

ሲመራት ጊዜ መላ አገኘች። ጀርባውን ሰጥቶ እንዲሄድ አደረገችው። ከዚያ በኋላ በሠራቻቸው ፊልሞች ሁሉ አባባ አለ፤ ግን ጀርባው ነው ያለው። እሱ ምን ገዶት! ፊልም በታየ ቁጥር የሙያ ባልደረቦቹን ሰብስቦ የፊት ወንበር ይይዝና፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ አጠገቡ ያለውን በክርኑ ጎሰም ያደርጋል። «ያቺን ጀርባ አየሃት? የኔ ናት።»

የመጨረሻው ፊልም ላይ ግን ለመነችው። ሳንቃ ተሸክሞ ከፊት ለፊት ቢመጣ ትዕይንቱ እንደሚያምር ታይቷት ነበርና «አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሬት መሬቱን እያየህ ና» አለችው። ስምንት ጊዜ ሞከርን። ስምንቱንም አየ። እሷ ተናደደች፣ እኔ ፀሐዩ አናቴን ስለበሳው ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ «ይጥፋ፣ ይጥፋ» እያልኩ ጻፍኩ። በመጨረሻ የልብስ ሰፊውን ልጅ ሳንቃውን አሸክመን ቀረጽን። አባባ ዳር ቆሞ «እሱ ጥሩ አርጎ ነው የሚሄደው» አለ፤ ኮቱን ለብሶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ አንድ በር እየላገ እያለ ወደቀ። ስንደርስ መላጊያው አሁንም እጁ ላይ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ቀናት እህቴ አላለቀሰችም። ፊቱን ነበር የምትፈልገው። ፎቶማ አለን፤ መታወቂያው ላይ ያለው ሰው ያስፈራል፣ ሌላው ደግሞ ሲያስነጥስ የተነሳ ይመስላል። እሷ የፈለገችው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ዞር ሲል፣ ፈገግ ሲል። ዘጠኝ ፊልሞቿን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየቻቸው፤ ጀርባ፣ ጀርባ፣ ጀርባ። ስልኮቻችን ውስጥም የለም፤ እነሱም ለፊልም ቦታ ሲባል በየሳምንቱ ነበር የሚጸዱት። ዕድሜ ልካችንን ካሜራ ደግነን አንድ አባታችንን አልያዝነውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኛ ሁለት ሆነን ነው የጣልነው።

አንድ ቀን ከቢሮ ስመለስ ደብተሮቼን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግታ አገኘኋት። በጣቷ መስመር መስመሩን እየተከተለች ትቆጥራለች።

«አርባ ሦስት» አለችኝ ቀና ሳትል። «አርባ ሦስት ጊዜ አይቶኛል፣ እትዬ። አንዷን እንኳ አታስቀሪልኝም ነበር?»

«አጥፊ አልሽኝ፣ አጠፋሁ!» አልኳት። ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። እውነቱን ልናገር፦ ጥፋቱን ከራሴ ላይ ማራገፍ ፈልጌ ነው። ያዘዘችው እሷ ብትሆንም የሰረዘችው ይቺ ጣቴ ናት። እየሰረዝኩ ደግሞ ስንት ቀን «ኧረ እኚህ ሽማግሌ» እያልኩ ስቄአለሁ።

አምስት ቀን ሳንነጋገር አንድ ቤት ኖርን። በስድስተኛው ቀን ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ ስልክ ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። የጠፋ ያወጣል ሲሉ ሰምቼ ነው። አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ተስፋ አልሰጥሽም፤ በላዩ ላይ ብዙ ተቀርጾበታል» አለኝ። ሳምንት ጠብቄ ሄድኩ። «አንዲት ነገር ተገኝታለች፤ ጠቃሚ ግን አትመስለኝም። አሥራ አንድ ሰኮንድ ናት፣ ግማሹም ጨለማ ነው» ብሎ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ካርዱን ኮምፒውተሯ ላይ ሰካሁላት። መንገዱ መጣ። ከሩቅ አባባ ሳንቃ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ ሳንቃው ፊቱን ከልሎታል። አምስት እርምጃ ሄደ። ሳንቃው ዞር አለ፤ ጆሮው ታየ፣ ጉንጩ ታየ። ከዚያ የእህቴ መዳፍ መጥቶ ሁሉን ሸፈነው። ከጣቶቿ መሃል ትንሽ ቀይ ብርሃን ብቻ ቀረ። ድምፁ ግን አልተቋረጠም።

«አባባ! ስንት ጊዜ ልንገርህ፣ ካሜራውን አትይ!»

«ካሜራውን መች አየሁ ልጄ?» አለ አባባ፣ ከመዳፏ ጀርባ። «እኔ አንቺን ነው የማየው።»

አለቀ።

እህቴ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ሕፃን። አቅፌ ያዝኳት፤ እኔማ ብሶብኝ ነበር። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና «ደብተርሽን አምጪ» አለችኝ።

አመጣሁ።

«ጻፊ። አባባ አየ።»

ጻፍኩ። ቀጥሎ እጄ ለምዶበት «ይጥ» ብሎ ጀመረ። ሰረዝኩትና «ይለፍ» ብዬ ጻፍኩ።