ሳልነፋ የዘፈዘፍኩት አፈር

ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ የሸክላው ጭቃ ፊት ተቀምጣ ጣቶቿን እያሻሸች አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና...

«ይሄን አፈር ማን ነው የነፋው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ነፍተኸዋል?»

አልነፋሁትም ነበር። ያውም ሆን ብዬ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ራቤል በምትባል የገጠር ከተማ አካባቢ ሸክላ ሠርተን ነው የምንኖረው። ታላቅ እህቴ ትርንጎ ከወራት በፊት የሸክላ አፈር ስትቆፍር ጉድጓዱ ተደረመሰባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በአካፋ አወጣናት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ መጣች። አንቱ ነበር የምላት፤ ዛሬ አልልም። ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ውሃ አቀረብኩላት። ተቀበለችኝ፣ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፣ ከዚያ ማንም ያላያት መስሏት ከመደቡ ሥር ደፋችው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ከቤቱ አይቀመስም ይላሉና... እሷ ቤት ያለውን እንስራ የሠራችላት ግን ማን ናት? ትርንጎ ናት! ከሱ በየቀኑ እየቀዳች ትጠጣለች።

የትርንጎ አርባ እንደወጣ ይህችው ሴትዮ መጥታ በራችን ላይ ቆመች። «ግቢ» ብትባል አልገባችም። «ልጄን ልድር ነው፤ ሁለት የጠላ ጋን ትሠሪልኛለሽ» አለቻት እናቴን። እናቴም «እስቲ መጀመሪያ አፈሩ ይድረስ» ብላ ሸኘቻት።

አፈር ማዘጋጀት የትርንጎ ሥራ ነበር። ተቆፍሮ የመጣውን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ በወንፊት ትነፋዋለች፣ ትዘፈዝፈዋለች። ጭቃውን በጥርሷ ቆርጠም አድርጋ «ገና ነው፣ አሸዋ አለው» ስትል እንስቅባት ነበር። አሁን ሥራው የእኔ ሆነ። ከሁሉ የሚያስፈራው ነጩ ጠጠር ነው። ሽምብራ የምታህል እንኳ ጭቃው ውስጥ ከቀረች ዕቃው እሳት ሲገባ ይፈነዳል።

እኔም ወቀጥኩና መንፋቱን ተውኩት። ያ አልበቃኝም... በፊት ሲነፋ የተጣለውን ነጭ ጠጠር ሰብስቤ ጨመርኩበት። የእትዬ አስካለ ጋን እሳት ውስጥ ሲፈነዳ እየታየኝ፣ ደስ እያለኝ ነው የዘፈዘፍኩት።

ያን ማክሰኞ እናቴ ከጭቃው ውስጥ ሦስት ጠጠር ለቅማ መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«ለአስካለ ነው?»

«አዎ! የለቅሶ ውሃችንን እኮ ከመደብ ሥር ደፋችው!»

«አይቻለሁ።»

ደነገጥኩ። «አይተሽ ነው ዝም ያልሻት?»

«ልጄን ቀብሬ መምጣቴ ነበር። ያን ቀን ስለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ልጣላ?» ከዚያ ተቆጣች። «አንተ ጅል! ጋን ብቻውን አይፈነዳም፤ አጠገቡ ያለውን ይዞ ነው የሚሄደው። አብሮ የሚቃጠል የቄስ ገበዙ ገንቦ አለ፣ የዚያች ምስኪን መበለት ድስት አለ። እነሱ ምን አደረጉህ? ደግሞስ ሲፈነዳ ‹ተበቀሉኝ› የምትል መሰለህ? ‹ልጇ ከሞተች ወዲህ እጇ ተበላሸ› ነው የምትለው!»

ያን ሁሉ ጭቃ እንደገና አሰጣሁት፣ ሲደርቅ ወቀጥኩት፣ ነፋሁት። መዳፌ ተላጠ። ወንፊቱን እየነቀነቅኩ አለቀስኩ... ለዚያች ሴትዮ ስል መሆኑ አንገበገበኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ አስካለ ከገበያ ስትመለስ እንደልማዷ በራችን ላይ ቆመች። እናቴ ጭቃ እያሸች ነበር።

«ሙሉዬ፣ ጋኖቼን ጀመርሽልኝ?»

«አልጀመርኩም። አልጀምርምም።»

«ምነው እቴ? አፈር ጠፋ?»

«አፈሩማ ይኸው፣ እንደ ዱቄት ተነፍቶ። ለአንቺ ግን አልሠራም። የልጄን የለቅሶ ውሃ ከመደብ ሥር ደፍተሻል።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «በስመ አብ! እኔ? ማነው እንዲህ ብሎ የነገረሽ?»

«ዓይኔ።»

«ኧረ ሙሉዬ፣ ሠርጉ እኮ ደረሰ! ጠላውን በምን ልጥመቀው?»

«በፕላስቲክ በርሜል ጥመቂው። እሱ ከቡዳ እጅ አልወጣም፤ አያስፈራሽም።»

እትዬ አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ እያጉረመረመች ሄደች። እኔ ደግሞ በእናቴ በገንኩ።

«ላትሠሪላት ኖሯል እንዴ ያን ሁሉ ያስነፋሽኝ?»

«ጭቃው የሷ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ፣ ከማሸቷ ሳታቋርጥ። «እኔ ደግሞ ያስከፋኝን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው እምቢ የምለው። እንዳንተ ጭቃ ውስጥ አልደበቅም።»

ንዴቴ አሁንም አልበረደም... ግን እኔም ይኸው በግልጽ ጽፌ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት፤ አልተደበቅኩም። እትዬ አስካለ፣ ሙሽራዋ ልጅሽ ስልክ አላት፤ ታንብብልሽ።