ኸይረዲን አዙሮ ገጠመው የተባለው ፋን

ኸይረዲን ሥራ አይችልም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሱቅ ለሁለት ተጋርተን ሠርተናል፤ ግማሹ የእኔ የልብስ ስፌት፣ ግማሹ የእሱ የኮምፒውተር ጥገና። በመሀላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ስሜ መስታወት ይባላል፤ ከሚሴ መናኸሪያው አጠገብ ሱሪ ያሳጠረ ሁሉ ያውቀኛል።

አባቱ ሰንበቴ ገበያ የታወቁ የከብት ደላላ ናቸው። ልጃቸውም እንዲተካቸው ነበር የሚፈልጉት። ኸይሩ ግን ምኑ ደላላ! በሬ አቁሞ «እንከን የለውም» ማለት ሞቱ ነው። ገዢው ሳይጠይቀው «የኋላ እግሩን ትንሽ ያነክሳል» ብሎ ይናገራል። አባትየው ሦስት ገበያ ታገሡት፤ በአራተኛው «ሂድ አቦ፣ የሚሆንህን ፈልግ» አሉት። ኮምቦልቻ ሄዶ ጥገና ተማረና መጥቶ ጎኔ ተቀመጠ።

ከሚሴ ደግሞ ለኮምፒውተር የምትሆን አገር አይደለችም። ለሰውስ መች ሆነች! ግንቦት ሲገባ ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት መቀሴን አግሎ ጣቴን ይፈጀኛል። በዚያ ላይ የደሴ መንገድ አቧራ አለ፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ደንበኛ ሳይሆን አቧራ ነው የሚገባልን። ሰዉ ኮምፒውተሩ ሲግልበት የጎኑን ክዳን ይፈታና የቤት ማራገቢያ ይደቅንበታል። ኸይሩ ይህን ሲያይ ያብዳል።

«እታለም፣ ነፋስ ዝም ብሎ ስለነፈሰ አያቀዘቅዝም እኮ» ይለኛል። «መግቢያና መውጫ ይፈልጋል።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ሱሪዬን ላሳጥርበት!»

እሱ ግን መች ይሰማል። ፋን የሚላቸው የኮምፒውተሩ ትንንሽ ማራገቢያዎች አሉ፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ቀዝቃዛውን ያስገባሉ፤ ከኋላና ከላይ ያሉት የሞቀውን ያስወጣሉ፤ ሙቀት ሽቅብ ስለሚሄድ የላይኛው ሁልጊዜ ማስወጣት አለበት። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አይቆጠርም። ለሚያስገባው በኩል ከሙሽራ ቬሎ የተረፈኝን ስስ ጨርቅ ለምኖ አቧራ ማጣሪያ ያለብሰዋል። ከዚያ ከመሬት የክር ቁራጭ አንሥቶ ወደ እያንዳንዱ ፋን ያስጠጋል፤ ክሩ ወደ ውስጥ ከተሳበ ያስገባል፣ ወደ ውጭ ከተገፋ ያስወጣል ማለት ነው። ይህን በዓይኑ ሳያይ የአንድም ሰው ኮምፒውተር አይከድንም። «ነፋስ ሻጩ» ብለው ይቀልዱበት ነበር። ይቀልዱ እንጂ ከወረዳ መሥሪያ ቤት እስከ ፎቶ ቤቱ ድረስ የተቃጠለ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ፋጡሜ ልምጣ። ፋጡሜ ጎረቤቴ ናት፤ አጥር ለአጥር ነን። የመጨረሻ ልጇ አብዱልጀሊል በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በባቲ በኩል አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወጣ። ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ነው። ስምንት ወር ድምፁ ጠፋ። እናት በስምንት ወር ውስጥ ምን እንደምትሆን አይቻለሁና አትጠይቁኝ።

አንድ ቀን ሱቃችን መጣችና እኔን አልፋ ኸይረዲን ፊት ተቀመጠች። የልጇን የነኢማን ሠርግ ከሦስት ዓመት በፊት በቪዲዮ የቀረጸው እሱ ነበር። እነሱ ዘንድ የነበረው ቅጂ በጦርነቱ ከተማውን ጥለን በሸሸን ጊዜ ከቤቱ ዕቃ ጋር ተዘርፏል። የቀራት አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፤ እሷም ላይ ልጁ ተኮሳትሯል።

«እዚያ ሠርግ ላይ እጄን ይዞ ያስጨፍረኛል፤ ይስቃል» አለችው። «ኸይሩ ልጄ፣ ድምፁን የረሳሁት መሰለኝ።»

ኸይሩ ዓይኗን ማየት አልቻለም፤ ወዲያው ዞሮ መደርደሪያውን ይፈትሽ ጀመር። ዋናው ቅጂ ያረጀ ሀርድ ዲስክ ላይ ተገኘ። ዲስኩ ግን ታሟል። ሲሠራ ይንቋቋል፣ ሲሞቅ ጭራሽ ይቆማል። በቀስታ፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሳይጠፋና ሳይሞቅ ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ አለበት አለ። ሁለተኛ ዕድል የለውም። በሱቃችን መብራት በቀን አምስቴ ይጠፋል፤ የፋጡሜ ቤት ግን ከሆስፒታሉ ጋር በአንድ መስመር ነው፣ እምብዛም አይጠፋባትም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሳሎኗ ማዕዘን ላይ ተከለው። የፊተኞቹን ሁለት ፋን በቀጥታ ዲስኩ ላይ እንዲነፍሱ አስተካክሎ፣ በኋላና በላይኛው ክሩን አስጠግቶ አይቶ ከደነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ፋን ሁሉ ባለመብራት ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ በኮምፒውተሩ የመስታወት ክዳን በኩል እየታየ ይዞራል። «ማንም አያጥፋው፣ ማንም አይንካው» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መርዶው መጣ። አብሮት የወጣው ልጅ ከየመን ደውሎ ኖሯል። ጀልባዋ ሰጥማለች። ፋጡሜ የጮኸችውን ጩኸት እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ፤ ልቤ የዚያን ቀን ነው የተሰበረው። ቤቱ በሰው ሞላ። እሷን ወደ ጓዳ አስገብተን ነኢማና ሌሎች ሴቶች ያዟት። ወንዶቹ አስከሬን ለሌለው ሟች ሊሰግዱ ወደ መስጊድ ሲወጡ ኸይረዲንም ተከተላቸው። በሩ ላይ ወደ እኔ ዞረ።

«እታለም፣ ግልበጣው አርባ በመቶ ደርሷል። አደራሽን።»

ከቀትር በኋላ የፋጡሜ ታላቅ እህት እትዬ ዓዲላ ከገጠር ደረሱ። እያለቀሱ ገብተው ያንን የሚዞር መብራት ሲያዩ ለቅሷቸው ቀጥ አለ።

«ኩኒ ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? ልጅ ሞቶ የሠርግ መብራት ታበራላችሁ? አጥፉልኝ!»

እውነታቸውን ነው። በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን እንኳ አይከፈትም። ግን እጃቸው ወደ ሶኬቱ ሲሄድ ዘልዬ ያዝኳቸው።

«እትዬ ዓዲላ፣ በፈጠረዎት ይተዉት! የአብዱልጀሊል ምስል ያለው እዚያ ውስጥ ነው።»

«ለቀስተኛው ምን ይላል? ልቀቂኝ አንቺ!»

ተጓተትን። በሐዘን ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየን። በመጨረሻ «እሺ፣ እሸፍነዋለሁ፤ አይታይም» አልኩና ወፍራም ብርድ ልብስ አምጥቼ ሁለት አጥፌ ከላይ ጣልኩበት፤ በጎኖቹና በጀርባው አወረድኩት። ፊቱን ብቻ ክፍት ተውኩ። ሆን ብዬ ነው። ስድስት ዓመት የሰማሁት ለዚህ ቀን ጠቀመኝ፣ አየሩ የሚገባው ከፊት ነው ብዬ በራሴ ኮራሁ። ይኸው ነው ዕውቀቴ! እትዬ ዓዲላም ተቀምጠው ለቅሷቸውን ቀጠሉ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ሳሎኑ በሰው ታፍኗል። ከብርድ ልብሱ ሥር የፋኑ ድምፅ ከቅድሙ በረታ። ጎሽ፣ እየሠራ ነው አልኩ።

ኸይረዲን የተመለሰው ዐሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ብርድ ልብሱን እንዳየ ገፈፈው፤ እጁን ከላይ አስቀምጦ ወዲያው መልሶ ሳበው። ስክሪኑ ደርቋል። ጆሮውን ወደ ዲስኩ አስጠጋ፤ ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ አለና ዝም አለ።

«ፊቱን ክፍት ትቼዋለሁ እኮ!» አልኩት በቁጣ፤ እሱ ምንም ሳይናገረኝ።

«መውጫው ከላይ ነበር፣ እታለም» አለኝ ቀስ ብሎ።

ያኔ ገባኝ። የሚያስገባውን ትቼ የሚያስወጣውን ደፍኛለሁ። ምነው በዚያች ሰዓት እጄን በቆረጠኝ!

ዲስኩን ኮምቦልቻ ወሰደው፣ አዲስ አበባ ድረስ ላከው፤ ሁሉም አይሆንም አሉ። የተገለበጠው የሠርጉ ጠዋት ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አብዱልጀሊል አንድ ጊዜ ይታያል፤ ወንበር ተሸክሞ ከድንኳኑ ሲወጣ። ፊቱን አያዞርም። ጭፈራውም ሳቁም የለም።

ሐዘኑ በረድ ሲል ልንነግራት አብረን ሄድን። እኔ ልናገር ወስኜ ነበር፤ እውነቴን ነው። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ኸይረዲን ቀደመኝ።

«እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የላይኛውን ፋን አዙሬ ገጥሜው ኖሯል። የሞቀውን ማስወጣት ሲገባው ያስገባ ነበር፤ ዲስኩ ተቃጠለ።»

ፋጡሜ «አላህ የሥራህን ይስጥህ» አለችው። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ።

ውጭ ስንወጣ ክንዱን ይዤ «ምን ማድረግህ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«አንቺ ጎረቤቷ ነሽ። እትዬ ዓዲላም እህቷ ናቸው። በዚህ ሰዓት እናንተን አጥታ የት ትወድቃለች?» አለኝ። «እኔ ሌላ ሰው ነኝ፤ ብትጠላኝ ምንም አይጎድልባትም።»

ወሬው ከተማውን ሳምንት አልፈጀበትም። ነፋስ ሻጩ ነፋሱን ገልብጦ የሟች ልጅ ምስል አቃጠለ ተባለ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ቀረ፣ ቀጥሎ ፎቶ ቤቱ። ዓመት ሳይሞላ መሣሪያውን በካርቶን አሥሮ ወጣ። ባለፈው ሰንበቴ ገበያ ሄጄ አየሁት፤ ከአባቱ ጎን በሬ ይዞ ቆሟል። «ደህና ነሽ እታለም?» አለኝ፤ ስለ ፋጡሜ ጤንነት ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት።

ፋጡሜ አሁን በየቀኑ ሱቄ ትመጣለች። እሱ በነበረበት በኩል ወንበር ስቤላት ትቀመጣለች። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር መስቲ» ትለኛለች፤ «ለልጄ ምስል ብለሽ ከእህቴ ጋር ተጓተትሽልኝ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው» ብላ ትመርቀኛለች። አሜን እላታለሁ። ቀጥላ ኸይረዲንን ትረግማለች። እንጀራ አይውጣለት፣ ልጅ አይይ ትለዋለች።

ለእርግማኗም አሜን እላለሁ።