ሱሉልታን በእርምጃ የለካሁበት ቅዳሜ

ጉዞው የተጠነሰሰው በመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክበብ ነው። ሃያ ስምንት ሠራተኞች ከደመወዛችን እያዋጣን በዓመት አንዴ ከከተማ ወጣ ብለን የምናድርበት ማኅበር አለን። በ2008 ዓ.ም. የተጠራቀመው ገንዘብ ላንጋኖ የሚያደርስ አልነበረም። ሰብሳቢያችን አልማዝ ታዲያ አንድ መላ አመጣች። በዐቢይ ጾም መሀል፣ ሠርግም ድግስም በሌለበት፣ ሆቴል ሁሉ ጾሙን በሚያድርበት በዚህ በበልግ ወቅት አዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከተሞች አንዱን እንምረጥ አለች። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይስ ሱሉልታ? ሄዶ አይቶ ርካሹን የሚመርጥ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ንብረት ክፍል ነው የምሠራው፤ ቆንቋናነቴም የታወቀ ነው። አንድ ማስታወሻ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ከመጋዘኑ ወጪ አድርጌ ተነሣሁ።

እነዚህ ከተሞች በዚያ ሰሞን ሰላም እንዳልነበሩ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አንድ ላይ ያቅዳል የተባለው ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ከኅዳር ጀምሮ ተማሪ ወጥቷል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ሰው ሞቷል። ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። እኔም ቀርቷል የሚለውን ሰምቼ ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ። ለእኔ ያለቀ ነገር ለሁሉም ያለቀ ይመስለኛል፤ ይሄ የቆየ አመሌ ነው።

ሰበታ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከአየር ጤና ሚኒባስ ያዝኩ። ዓለም ገና እስክንደርስ ረዳቱና አንዲት ሴትዮ በመልስ ሲጨቃጨቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከመንገዱ ዳር የአንድ ፋብሪካ አጥር ጠቁሮ አየሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሰበታ እንደደረስኩ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ገባሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ባለቤቲቱ ራሷ ናት።

«አልጋ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር። አሁን መቶ ሃምሳ።»

«ሃያ ስምንት ሰው ነው የማመጣልሽ። በመቶ አታደርጊውም?»

ትንሽ አየችኝ። «አድርገው፣ በመቶ ይሁን። ከገና ወዲህ ሁለተኛውን ፎቅ ከፍቼው አላውቅም።»

የጾም በያይነቱ በሠላሳ ብር በላሁ። ደብተሬ ላይ «ሰበታ፦ አልጋ 100፣ ቶሎ ይወርዳሉ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ተከራክሬ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ክረምቱን ሙሉ ሆቴሏ ባዶውን ሊያድር እንደሆነ እያሰበች እንደተቀበለችኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቡራዩ፣ እሑድ

ከአስኮ ወደ ቡራዩ ሩቅ አይደለም። ከታክሲ እንደወረድኩ ፀሐዩ ከረር ስላለብኝ ኮፍያ ለመግዛት አንድ ልብስ ቤት ገባሁ። ሶፍያ የምትባል፣ ከወላጆቿ ሱቁን የወረሰች ሴት ናት። በሩን ግማሽ ድረስ ብቻ ስለከፈተችው አጎንብሼ ነው የገባሁት።

«ለምን ሙሉውን አትከፍቺውም?» አልኳት።

«ለመዝጋት እንዲፈጥነኝ» አለች፣ ኮፍያውን እያራገፈች። ሰማንያ ያለችኝን ሃምሳ ሰጥቻት ወጣሁ። መልሷን ለአልማዝ ስነግራት የሚያስቅ ነገር አድርጌ ነበር የነገርኳት።

ገፈርሳ ግድብ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ውሃው ያምራል፤ ከባሕር ዛፉ መሀል ሲያዩት ዓይን ያሳርፋል። ነገር ግን ፎቶ ላነሣ ስልኬን ሳወጣ አንድ ጥበቃ ከሩቅ ጮኸብኝ፤ ቀርቦም የአዲስ አበባ መጠጥ ውሃ እንደሆነና እዚያ መቆም እንደማይቻል ነገረኝ። «ቡራዩ፦ መቀመጫ የለም» ብዬ ሰረዝኳት።

ሱሉልታ፣ በሳምንቱ ቅዳሜ

ከአዲሱ ገበያ የተነሣው ሚኒባስ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁል ሲወርድ ሱሉልታ ሜዳዋን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ከሁለት ቀን በፊት የበልግ ዝናብ ጥሎ ሣሩ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ከተማውን ሳንገባ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ለጥ ያለ መስክ አየሁና ወራጅ አልኩ። ኳስ ለመጫወት፣ ገመድ ለመጓተት፣ ድንኳን ለመጣል የሚሆን፣ የተመቸ ቦታ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። እኔ እንደ ሌላው ሰው አይቼ ብቻ የማልፍ አይደለሁም። መጋዘን ውስጥ ያደግሁ ያህል ነኝ፤ ያየሁትን ሁሉ ካልቆጠርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አውቶቡሱ የት ይቆማል፣ ድንኳኑ የት ይተከላል እያልኩ መስኩን በእርምጃ መለካት ጀመርኩ። ከአስፋልቱ እስከ ባሕር ዛፎቹ መቶ አሥራ ስምንት። ጥግ ላይ የተከመረ የግንብ ድንጋይ ነበር፤ እሱንም ዞሬ መዘገብኩት። በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አነሣሁ። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ፣ ደብተር ይዞ የሰው መሬት ላይ እርምጃ የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል።

«አካም ጅርቱ? እንዴት አደሩ?» አሉኝ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንዴት አደሩ?»

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ፀሐይ ነው እኮ፣ ወደ ቤት ይግቡ እንጂ።»

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ የሚሆኑ ሰው እርስዎ ሲሉኝ ግር ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን የአገሩ ትሕትና ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ኦቦ ደገፋ ይባላሉ። ባለቤታቸው ወንበሩን በነጠላቸው ጠርገው አስቀመጡኝ፤ ቅቅል ድንች በአዋዜ፣ ቆሎ፣ ጠላ ቀረበ። እኔ ስበላ ሁለቱም አልተቀመጡም።

ጥቂት ቆይተው ኦቦ ደገፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነገሩ ቀርቷል አልተባለም ነበር?»

ያን ጊዜ ገባኝ። መሬት ሊለካ የመጣ የመንግሥት ሰው መስያቸዋለሁ። አፌ ውስጥ ድንች ነበር። «የለም አባቴ፣ እኔ ሽርሽር ቦታ ፈላጊ ነኝ» ብል አንድ አፍታም አይፈጅም ነበር። አላልኩም። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ሽርሽር ብላቸው ይቆጣሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ነገር ይመጣል አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መሥሪያ ቤት አንድም ሰው ስገባ ብድግ ብሎልኝ አያውቅም። እዚያ ቤት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመውልኝ ነበር፤ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

«እሱ ነገር... ገና እየታየ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ጎርነን አድርጌ።

አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ ግርማ ከፋሲካ በኋላ ያገባል። እዚያ ጥግ ላይ ቤት ልንሠራለት ድንጋይ አስመጥተናል። እንጀምር ወይስ እንተወው? ምክርዎን ነው።»

«ትንሽ ቢቆይ ይሻላል።»

ይህንን አልኩ። የሚያውቅ ሰው እንደሚለው ቀስ ብዬ አልኩት። ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስወጣ አንድ ፌስታል ድንች ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ደብተሬ ላይ «ሱሉልታ፦ ሜዳ በነፃ፣ ምሳ በነፃ» ብዬ ጻፍኩ።

ሱሉልታ እንደገና

ድንቹን እስከ ረቡዕ በላሁት። ሐሙስ ለኮሚቴው ሪፖርት ስጽፍ «የሜዳው ባለቤቶች ፈቃደኞች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና እጄ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሠራሁም። ቅዳሜ በጠዋት አዲሱ ገበያ ተገኘሁ።

ከአስፋልቱ እንደወረድኩ ዓይኔ ወደ ጥጉ ሄደ። ድንጋዩ የለም። ተከምሮበት የነበረው ቦታ ላይ ሣሩ ገርጥቶ ተኝቷል።

ኦቦ ደገፋን በራቸው ላይ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ልጃቸው ግርማ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ መሬት የሚለካ ሰው አይደለሁም። ተራ ሠራተኛ ነኝ። ለመሥሪያ ቤታችን ሰዎች መዝናኛ ቦታ ልፈልግ ነው የመጣሁት። ባለፈው ዝም ያልኩት ጥፋቴ ነው። ቤቱን ይሥሩ።»

እንዲያምኑኝ ብዬ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ያ ደግሞ ሁለተኛው ሞኝነቴ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መታወቂያ ነዋ! ፎቶዬ ላይ የተረገጠውን ክብ ማኅተም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

«ገባኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መናገር እንደማይችሉ ገባኝ። አይጨነቁ፣ እርስዎም ታዝዘው ነው። ገለቶማ፣ ቀድመው ስላስጠነቀቁን።»

አመሰገኑኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ብምልም ብገዘትም ጭራሽ ያጽናኑኝ ጀመር፤ ውሃ እንኳ አስመጡልኝ።

ግርማ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። እሱ እንዳመነኝ ከአረማመዱ ታውቆኛል።

«ድንጋዩስ?» አልኩት።

«አባቴ ማክሰኞ በግማሽ ዋጋ ሸጠው።»

«እኔ ልተካልህ። በየወሩ እየከፈልኩም ቢሆን—»

«የት ላስቀምጠው?» ብሎ አቋረጠኝ። «አባቴ እዚያ ጥግ ዶማ አታሳርፍ ብሎኛል። የእጮኛዬ ቤተሰቦችም መሬቱ ተለክቷል ሲባል ሰሙ። ቤት ሳይኖረው አንሰጥም ብለው ሠርጉን አቆሙት። ይሄን በድንጋይ ነው የምትተካው?»

ትንሽ እንደሄድን ቆመ።

«ቅድም ለምንድነው የመጣሁት ያልከው?»

«ለመዝናኛ... ርካሽ ቦታ ልመርጥ።»

ሜዳውን ዞሮ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አልጮኸብኝም። «እዚህ? አሁን?» ብቻ አለኝ። ስልክ ቁጥሩን ስለምነው ግን ሰጠኝ።

መመለስ

ሰኞ ለኮሚቴው ሪፖርት አቀረብኩ። አልማዝ «እሺ፣ የትኛው ረከሰ?» አለችኝ። የሰበታዋ ሴትዮ አልጋዋን ለምን በመቶ ብር እንደሰጠችኝ፣ ሶፍያ ሱቋን ለምን በግማሽ እንደምትከፍት፣ ሱሉልታ ላይ ያደረግሁትንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አንዱ «ታዲያ ሌላ ሜዳ አይጠፋም» ሲል አልማዝ ዝም አሰኘችው። በዚያ ዓመት የትም አልሄድንም። ገንዘቡን ለግርማ ቤት እንስጥ ብዬ ነበር፤ ለማይሠራ ቤት ገንዘብ ምን ያደርግለታል ተባለና ቀረ።

ከሦስቱ ከተሞች የተማርኩት ነገር ካለ ይሄ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ደብተሬን ከማውጣቴ በፊት ለምን እንደወረደ መጠየቅ። ይህን ለማወቅ ሱሉልታ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም ነበር። ሰበታ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ሲል ብጠይቅ ይበቃኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ለግርማ ደወልኩለት። ሠርጉ እንደቆመ ነው። ስለ አባቱ ስጠይቀው ደህና ናቸው አለኝ።

«ጠዋት ጠዋት ወጥቶ አስፋልቱን ያያል» አለኝ። «ለኪዎቹ መቼ እንደሚመጡ ያ ደጉ ልጅ አልነገረህም ወይ እያለ ይጠይቀኛል።»